አስካለን ማቆየት

አስካለ አፏን የፈታችው በጥቅምት ወር ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሌላ ዘመን ቢሆን ኖሮ እልል የሚባልበት ነገር ነው፤ እኛ ግን ተሯሩጠን በር ዘጋን።

ጠዋት ከአውቶቡሱ አውርጃት፣ ካፖርቷን አውልቄ፣ ወንበሯ ላይ አስቀምጬ፣ ካፖርቱን ልሰቅል ወደ በሩ ዞርኩ። ከኋላዬ «ነይ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሜላት የጠራችኝ መሰለኝ፤ ሜላት በዚያው ክፍል አብራኝ የምትሠራ ረዳት መምህርት ናት። ሜላት ግን አጠገቤ ቆማ አፏን ከፍታ ልጅቷን ታያለች። አስካለ እጇን ወደ እኔ ዘርግታለች። «ነይ» አለች ደግማ። ጎርነን ያለ፣ ያልተገራ ድምፅ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ያንን አፍ አብልቻለሁ፣ ለሃጩን ጠርጌያለሁ፣ ጥርሱን ቦርሻለሁ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እንደሚወጣው ግን አላውቅም ነበር።

ሄድኩላት። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ተንበርክኬ አቀፍኳትና ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ሜላት በሩን ዘግታ በጀርባዋ ተደገፈችው።

«ኤልዳና፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው ነበር? ሰው ሰምቷል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አይመስለኝም።»

«በይ እንባሽን ጥረጊ። ዛሬውኑ መጀመር አለብን።»

ይህ ለማያውቀው ሰው እብደት ሊመስል ይችላል፣ ስለዚህ ላስረዳ። አሁን ልጅ የሚማረው ቤቱ ነው፣ ከአስጠኚው ጋር፤ አስጠኚው ሰው ሳይሆን የሚናገር ማሽን ነው። አራት ዓመት ሲሞላው አስጠኚው ይገባል፣ አስራ ስምንት ሲሞላው ይወጣል። ልጁ ሲነቃ ደህና አደርክ የሚለው እሱ ነው፣ ሲተኛ ተረት የሚነግረው እሱ ነው፣ ሲያጠፋ የሚገስጸውም እሱ ነው። ወላጅ ሥራ ላይ ነው። የድሮዎቹ ትምህርት ቤቶች መጋዘን ሆነዋል። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የቀረው ለእኛ ልጆች ብቻ ነው፤ አስጠኚው ሲጠራቸው ለማይዞሩ፣ ሲጠይቃቸው ለማይመልሱ። ለእነሱ ሰው ይመደብላቸዋል። የሥራ መደቤ «ረዳት መምህርት» ይባላል፤ በአገሩ ግን «ሰው» ነው የምንባለው። እናቶች ሲገናኙ «ያንቺ ልጅ ሰው አላት?» ይባባላሉ።

እኔ የተማርኩት ልጅ እንደ እህል በተፋፈገበት ክፍል ውስጥ ነው። ቅማል ተቀባብለናል፣ እርሳስ ተሰራርቀናል፣ ተደባድበን ታርቀናል። ከእኔ በኋላ ብዙም አልቆየም፣ ተዘጋ። ስሜ እንኳ አሁን የአሮጊት ስም ነው። የዛሬ ወላጆች ወደ ጥንቱ ተመልሰው አስካለ፣ በለጠ፣ የሺመቤት እያሉ ነው የሚያወጡት፤ ኤልዳና ስባል ወጣቶቹ ፈገግ ይላሉ።

ለሰሜን ሸዋ በሙሉ ያለው የእኛ ትምህርት ቤት ብቻ ነው፣ ደብረ ብርሃን ዳር። ጠዋት ጠዋት ደህና ልጅ ይዘው በራችን ላይ የሚቆሙ ወላጆች አሉ። አንድ አባት እንደ ወፍ የሚንጫጫ ልጁን ይዞ መጥቶ ዘበኛችንን «አይናገርም በልልኝ» ብሎ ሲለምነው ሰምቻለሁ። ልጁ እዚያው ቆሞ «እናገራለሁ እኮ አባዬ» ይላል። የዚያን ቀን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን አላሳቀኝም።

የእኛ ልጅ ደግሞ መመለስ ከጀመረ ይሸጋገራል። በየዓመቱ በታኅሣሥ መዛኝ ትመጣለች። ልጁ ቢጫው ክፍል በምንለው የምዘና ክፍል ውስጥ ከአስጠኚው ጋር ብቻውን ይቀመጣል። አስጠኚው ሲያናግረው ሦስት ጊዜ ቃል ካወጣ በቃ፣ ሽግግር ነው። ኬክ ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረዳቷ ልጁ ቤት አትደርስም፣ ድንገት መንገድ ላይ ካልተገናኙ በቀር አታየውም። ልጁ ልቡ ሁለት ቦታ እንዳይሆን ነው ይላሉ።

በለጠ የሚባል ልጅ ከእጄ ተሸጋግሯል። ሲከፋው ጆሮዬን ይዞ ነበር የሚተኛው። አምና ክሊኒክ ወረፋ ስጠብቅ ከእናቱ ጋር አየሁት። እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ልጁ ያነባል። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ሁሉ ጥርት አድርጎ አነበበልኝ፤ እኔ ዕድሜ ልኬን ብለፋ ያንን አላስተምረውም ነበር። ዓይኔ ሞላ፤ ሁለት እጄን ዘርግቼ «በልዬ፣ የኔ ጌታ» አልኩት። እጄን አየው። ፊቴን አየው። «ምን ልርዳዎት?» አለኝ። እናቱ በኩራት ፈገግ አለች፤ እኔም እጄን ሰብስቤ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ስለዚህ እናቆያለን። ቃሉን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ስብሰባ ላይ አይነሳም፣ ርዕሰ መምህሩም ወሬው ጆሮው ሲገባ መስኮት መስኮቱን ያያል። ምዘና ሲቃረብ ልጁ የለመደውን ነገር ቀስ ብለን እናስረሳዋለን። ኳስ ሲባል ኳስ የሚጠቁም ልጅ ከሆነ ኳሱ ከክፍሉ ይጠፋል። በዋዜማው ሜዳ ለሜዳ አሯሩጠን እናደክመዋለን፣ ጠዋት ሆዱን ጥግብ አድርገን እናስገባዋለን፣ ቢጫው ክፍል ውስጥ ለጥ ብሎ ይተኛል። ለዚህ ሥራችን ነው ወላጅ እጃችንን የሚስመው።

ቃል ግን አቆይቼ አላውቅም ነበር። እንዴት እንደሚደረግ የነገረችኝ ሜላት ናት።

«ስትጠራሽ አትሂጂ» አለችኝ። «ሌላ ምንም ነገር የለውም። አትቆጪ፣ አታባብዪ፣ ዞር ብለሽ አትዪ። እስከ ታኅሣሥ ትተወዋለች።»

ለእናቷ መናገር ነበረብን። የአስካለ እናት ፌቨን ትባላለች፤ ጋራው ላይ ካሉት የንፋስ ኤሌክትሪክ ማማዎች ላይ እየወጣች ትጠግናለች፤ ልጇን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ያን ቀን ከሰዓት ልትወስዳት ስትመጣ ወደ ጥግ ወስጄ ነገርኳት። በአስጠኚ ያደጉ ሰዎች ወሬ ሲሰሙ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ንግግርሽን እስክትጨርሺ ጠብቀው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይመልሳሉ። ፌቨንም ቀጥ ብላ ቆመች። «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ይህ ጥሩ ዜና ነው» አለች። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች።

«ያቆዩልኝ እትዬ» አለች።

«ፌቨን፣ እስቲ ረጋ በይ። ከተሸጋገረች እኮ ታነባለች፣ ትጽፋለች። ነገ ሥራ ትይዝ ይሆናል። እንዳንቺ ትሆናለች።»

«እንደ እኔ!» አለችና ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «እኔ ስድስት ቋንቋ እችላለሁ። አስካለ ተወልዳ ስታለቅስ ምን ላድርግ ብዬ አስጠኚዬን ጠየቅኩት፤ ጓደኛዬ እሱ ብቻ ነበር። አስር መንገድ ነገረኝ። አንዱንም እጄ አላወቀበትም። ልጄን ማቀፍ የተማርኩት እዚህ መስኮት ላይ ቆሜ እርስዎን እያየሁ ነው። እኔ ማማ ላይ ስውል እሷ ከዚያ ድምፅ ጋር ብቻዋን ልትውል ነው? በእናትዎ፣ አንድ ዓመት እንኳ ያቆዩልኝ።»

አንጀቴን በላችው። «እሺ» አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አስካለ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ያልሰማኋት መስሏት ነው። «ነይ! ነይ!» ትላለች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የስዕል ካርድ እደረድራለሁ። ደርድሬ ስጨርስ በትኜ እንደገና እደረድራለሁ። ከዚያ መጥታ ቀሚሴን ትጎትታለች። ስትጎትተኝ እሄድላታለሁ፤ መጎተት ቃል ስላልሆነ ችግር የለውም። ውሃ ፈልጋ ከሆነ አጠጣታለሁ፣ ጫማዋ ጠብቧት ከሆነ አላላላታለሁ፣ ፀጉሯን እደባብሳለሁ። ለጥሪዋ ብቻ ነው ድንጋይ የምሆነው።

አንድ ቀን እጄን ያዘችና ወደ አፏ ወሰደችው። መዳፌን ከንፈሯ ላይ ለጥፋ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «ነይ» አለች። ከየት እንደሚወጣ ልታሳየኝ ነው። ትንፋሿ መዳፌን አሞቀው። እኔን ይድፋኝ! ፊቴን አዙሬ «በሉ ምሳ ደርሷል» አልኩና ወደ ዕቃ ቤት ገባሁ። እዚያ በፎጣ አፌን አፍኜ የሆነውን ሁሉ ሆንኩ። ስወጣ ሜላት ሳህን አቀበለችኝ።

ቀጥሎ የእጇን ጀርባ መንከስ ጀመረች። ቀጥሎ ያንንም ተወችው። ኅዳር ሲጋመስ አልፎ አልፎ ብቻ፣ ያውም ለራሷ እንደሚያንጎራጉር ሰው ዝቅ አድርጋ ነበር የምትለው። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን እያየች «ነይ» ትላለች፣ መልስ የምትጠብቅም አትመስልም። ሜላት «ተሳክቶልሻል» አለችኝ። በዚያን ጊዜ ጠላት ከሰማይ ቢወርድ እንኳ የሷን ያህል አልጠላውም ነበር፤ ሴትየዋ ምንም አላጠፋችም፣ እኔው ነኝ የማደርገው።

በዚያው ሰሞን ድምፄን እንዳስቀዳ ተጠራሁ። ይህ ለሁሉም የሚደረግ ነው፤ ልጁ እንዳይደነግጥ አስጠኚው በረዳቱ ድምፅ ነው የሚያናግረው፣ ከተሸጋገረም በኋላ በዚያው ይቀጥላል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ቃላቱን እየተቀበልኩ ተናገርኩ። «እሰይ»፣ «ጎበዝ»፣ «አይዞሽ»፣ «አለሁ»፣ «መጣሁ»። ድምፄን የሚቀዳው ወጣት ጨዋ ነው፤ «መጣሁ» ላይ ሲደርስ ግን አስቆመኝ።

«ትንሽ ሞቅ ያድርጉልኝ እትዬ። እየመጡ እንዳሉ ያስቡት።»

«መጣሁ የኔ ቆንጆ» አልኩ።

«በጣም ጥሩ! ይህንን እንወስደዋለን።»

ወደ ክፍል ስመለስ አስካለ «ነይ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። አልሄድኩም። ለማሽን የሰጠሁትን ለልጅቷ ነፈግኳት፤ ይህን ሳስበው እስካሁን ፊቴን ያቃጥለኛል።

የምዘናው ቀን ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ነበር። በዋዜማው አስካለን ሜዳው ላይ እያሯሯጥኩ አድክሜያታለሁ። ትኩስ ወተት ትጠጣና ትተኛለች ብለን ተማምነናል። ችግሩ ሦስታችንም መተማመናችን ነው። ፌቨን ከቤት ሳታስወጣት አንድ ትልቅ ኩባያ አጠጥታታለች። ሜላት እኔ ሳላይ አንድ ጨምራለች። እኔም ማንም አልሰጣትም ብዬ የራሴን ፔርሙዝ ከፍቼ እስኪበቃት አጠጣኋት። አስካለ ወተት ትወዳለች፣ ሁሉንም ጠጣችው።

መዛኟ የሺመቤት የምትባል ወጣት ናት። ክፉ ሰው አይደለችም። ወንበሩ እንዳይቀዘቅዘኝ ብላ ትራስ አመጣችልኝ። ቢጫው ክፍል በመስታወት የተከፈለ ነው፤ እኛ ልጁን እናየዋለን፣ ልጁ ግን አያየንም። ረዳት ከመስታወቱ ወዲህ እንድትቀመጥ ግዴታ ነው፤ ልጁን የሚጥል በሽታ ቢነሳበት መዛኟ ስትፈቅድላት እንድትገባ ነው። ሳትፈቅድላት የገባች ረዳት ፈቃዷ ለዘላለም ይነጠቃል፤ ምዘናው ይሰረዛል፤ ልጁ ለሌላ ረዳት ተሰጥቶ እስከ ከርሞ ባለበት ይቆያል። ይህን የሺመቤት እንደ ወጉ አነበበችልኝ፣ እኔም እንደ ወጉ ራሴን ነቀነቅኩ። የገባች ረዳት አለች ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ከዚህ ሥራ ከወጣሽ ልጅ የሚባል አጠገብ የምትደርሺበት ሌላ ሥራ በአገሩ የለም።

አስካለ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። መብራቱ ደመቅ አለና ግድግዳው ላይ ኳስ ታየ።

«አስካልዬ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለ አስጠኚው። የኔ ድምፅ ነው። በጆሮዬ ራሴን ስሰማ ፀጉሬ ቆመ።

አስካለ ዞር ዞር ብላ ፈለገችኝ። ግድግዳው ሥር አየች፣ ወንበሩ ሥር አየች። ዝም አለች።

«አይዞሽ። ይህ ምንድን ነው?»

ዝም። ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ጀመረች። ዓይኗ ይከደናል፣ ይገለጣል። ልትተኛ ነው፣ አልኩ በልቤ፤ እመቤቴ፣ አስተኚልኝ። ስዕሉ ብዙ ጊዜ ተቀያየረ። የሺመቤት ሰዓቷን አየች። «እንግዲህ ዘንድሮም...» ማለት ስትጀምር አስካለ ድንገት ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ጭኖቿን ገጠመች። ወደ በሩ አየች።

«ነይ» አለች።

ከመስታወቱ በላይ ያለችው ትንሽ መብራት አረንጓዴ ሆነች። አንድ።

«መጣሁ የኔ ቆንጆ!» አለ ድምፄ።

አስካለ ፊቷ በራ። እንዲያ ሲበራ ከጥቅምት ወዲህ አላየሁም። ከመሬት ተነስታ በሩን እያየች ቆመች። በሩ አልተከፈተም። ማንም አልመጣም። ጠበቀች። ጠበቀች። ከዚያ ግንባሯ ተኮማተረ።

«ነይ።»

መብራቷ እንደገና በራች። «መጣሁ የኔ ቆንጆ! ይህ ምንድን ነው?»

አስካለ ወደ በሩ ሄዳ መዳፏን ለጠፈችበት።

«ድንቅ ነው» አለች የሺመቤት፣ ከልቧ ደስ ብሏት። «አንድ ብቻ ቀራት።»

«እየጠራችኝ እኮ ነው» አልኳት።

«አዎ። ምላሽም እያገኘች ነው።»

«ማንም አልሄደላትም!»

የሺመቤት ግራ ገብቷት አየችኝ። ነገሩን በቅንነት አሰበችበት። «ድምፁ ሄዶላታል» አለች።

ይህን ስትለኝ የሺመቤት ላይ አልተናደድኩም። እሷም ብቻዋን በር ላይ ቆማ «መጣሁ» ሲባል የሰማች ልጅ ነበረች፤ በዚያ አድጋ መምጣት ማለት እሱ መሰላት። ፌቨንም እንደዚያው ናት፣ በለጠም አሁን እንደዚያው ነው። አስካለ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ እየተማረች ነው። ሦስተኛ ጊዜ ከጠራች ቤቷ ትወስደዋለች ያንን ድምፅ፣ የኔን ድምፅ፣ ስትጠራው ሁልጊዜ መጣሁ የሚላትን። ከገባሁ ግን እኔና እሷ ተለያየን። ሁለቱንም አውቃለሁ። ስሌቱን ሠርቼ ነው የተነሳሁት ብል ግን ውሸት ነው። ስንት ሳምንት የታሰረ እግሬ ነው የተነሳው።

«እትዬ ኤልዳና!» የሺመቤትም ተነሳች። «እትዬ፣ እባክዎ። ከገቡ መመለስ የለም። እኔ ላስቀረው አልችልም፣ ሁሉ ነገር ይመዘገባል።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ።»

ልትይዘኝ እጇን አነሳች። ክንዴ አጠገብ ሲደርስ እጇ አየር ላይ ቀረ፤ ሰው እንዴት እንደሚያዝ አላወቀችበትም። በአጠገቧ አልፌ በሩን ከፈትኩት።

«መጣሁ» አልኩ።

አስካለ አላለቀሰችም። አላቀፈችኝም። እጅጌዬን ጨምድዳ ያዘችና እየጎተተች በቢጫው ክፍል በር አስወጣችኝ፣ በኮሪደሩ ይዛኝ ሮጠች። ወዴት እንደምትወስደኝ አልገባኝም። አንድ እጇ ቀሚሷን ሰብስቦ ይዟል፣ ጉልበቶቿ ተገጣጥመዋል። ሽንት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ቆመችና ቀና ብላ አየችኝ።

ሽንቷ ነው ለካ! ያ ሁሉ ወተት! አራት ዓመት ዳይፐሯን ቀይሬያለሁ፤ በስዕል ሞክሬ፣ በመዝሙር ሞክሬ፣ በየሰዓቱ እየወሰድኩ አስቀምጬ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃ አታውቅም። ዛሬ ጠየቀች። ስዕሉ ላይ ያለውን ኳስ ሳይሆን ይህንን ነው ስትለን የነበረው።

በጥድፊያ አስገብቼ አስቀመጥኳት። ደረሰች። ድምፁ ሲሰማኝ ጉሮሮዬ ተከፈተ።

«እሰይ!» ብዬ ጮህኩ። «እሰይ አስካልዬ! እሰይ የኔ እናት! እልልልል!» ስንት ጊዜ አፍኜ የያዝኩት ነው የወጣው። የሚደበቅለት ነገር አልነበረም። ሰቆቹ አስተጋቡት፤ አስካለ ጆሮዋን ይዛ ከት ብላ ሳቀች።

ሜላት እየሮጠች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ወሬው ደርሷታል። «ምን አደረግሽ ኤልዳና? ምን አደረግሽ?»

«ሽንት ቤት ጠየቀችኝ! ራሷ ጠርታ፣ ራሷ ወስዳኝ!»

ሜላት አፏን በእጇ ያዘች። የሃያ ዓመት ረዳት ናት፣ ያልኳት ምን እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚገባው የለም። «እሰይ» አለች፤ ቀጥሎ አለቀሰች።

«ከነገ ጀምሮ ያንቺ ናት። ስትጠራሽ ሂጂላት። ሰማሽኝ?»

«ከርሞስ? ከርሞ ሲመዝኗትስ?»

«ከርሞ የምትሆኑትን ከርሞ ከእናቷ ጋር ተማከሩ። ዘንድሮ ግን ሂጂላት። ማይልኝ።»

«እምልልሻለሁ» አለች። ወደ ኮሪደሩ ወጥታ በሩን ገጠም አደረገችልን።

አስካለን አልብሼ ወደ እጅ መታጠቢያው ወሰድኳት። ቧንቧውን ከፈትኩ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ግን አልጠላችውም፤ ጣቶቿን ዘርግታ በመሃላቸው ሲፈስ ታያለች። በሩ ተንኳኳ። የየሺመቤት ድምፅ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው ጨዋ፣ ትንሽ ግን ይንቀጠቀጣል።

«እትዬ ኤልዳና፣ የአንገትዎን መታወቂያ መቀበል አለብኝ። ከዚያ መኪናው ወደ ቤትዎ ያደርስዎታል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምንም አይደል» አልኩ በሩን ሳልከፍት።

አስካለ ዞር ብላ አየችኝ። «ነይ» አለች። አጠገቧ ነኝ እኮ፣ ትከሻዋን ይዤ ነው የቆምኩት። ቆይቶ ገባኝ፤ እጄን ነው የፈለገችው። እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን ከእጇ ጋር ውሃው ሥር አደረግኩ። ሳሙናውን አነሳሁ፣ አንድ በአንድ ጣቶቿን ማሸት ጀመርኩ፣ ከአውራ ጣቷ ጀምሬ፣ በቀስታ።

«ጨረሳችሁ?» አለች የሺመቤት ከውጭ።

«ገና ነን» አልኳት።